ለሕንጻችን ሥራ አስኪያጅ፦ የምድር ቤቱ ሞተር ቀስ ብሎ ይነሳ ዘንድ

ለተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤና እንደምትገኙ አምናለሁ። የእኛን ጤና በተመለከተ ግን መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ ስለሆነ፣ ቢሮዎ ድረስ የላክኋቸው ደብዳቤዎችም ሥራ እንዳያስፈቱዎት ስለሰጋሁ፣ ይህኛውን ከሊፍቱ በር አጠገብ ለጥፌዋለሁ።

አራተኛ ፎቅ የምኖር የአንዲት ልጅ አባት ነኝ። ሳንባዋ ስለደከመ የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነው። ከምድር ቤቱ መኪና ማቆሚያ ጭስ የሚያወጣው ትልቁ ማራገቢያ በተነሳ ቁጥር መብራታችን ይደበዝዛል፣ ማሽኑም ይጠፋል። ከጠፋ ደግሞ ሰው ሮጦ ካላስነሳው በራሱ አይነሳም። ነገር በተርታ ሲሆን ስለሚሻለኝ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. መጀመሪያ አቤት ስል ጥፋተኛው ምድጃችሁ ነው ብለው ምድጃችንን ስላስጠፉልን አመሰግናለሁ። እሱ ጠፍቶም መብራቱ ሲደበዝዝ ጥፋቱ ወደ ካውያው ዞረ፤ ካውያውን ለእህቴ ሰጠናት። አሁን ቤታችን ውስጥ የቀረው ተጠርጣሪ ማሽኑ ብቻ ነው፤ እሱን እንኳ ለማንም መስጠት አልቻልንም።

2ኛ. ቴክኒሺያን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። የማራገቢያውን መቆጣጠሪያ ሳጥን ከፍቶ እንዳሳየኝ ሞተሩ ባለ ሁለት ፍጥነት ነው፤ በዝግታው ተነስቶ፣ መዞር ከያዘ በኋላ ነው ወደ ፈጣኑ ማለፍ የነበረበት። ነገር ግን የዝግታው ኮንታክተር፣ ማለትም ለዝግታው መብራት የሚሰጠው ማብሪያ፣ ተቃጥሎ ስለተነቀለ ሰዎችዎ የ«ዝግታ»ንም የ«ፈጣን»ንም ቁልፎች ከፈጣኑ ጋር አገናኝተዋቸዋል። የትኛውንም ቢጫኑ ሞተሩ ከቆመበት ብድግ ብሎ ይሮጣል፤ በዚያች ቅጽበትም ከልኩ ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል። ይሁንና ምርጫችን ተከብሮ ሁለቱም ቁልፎች በቦታቸው አሉ፤ «ዝግታ» የሚለው ጽሑፍም ሰሞኑን ቀለም ታድሶለታል። ቴክኒሺያኑ ግን ወደ ሌላ ሕንጻ ተዛውሯል። ኮንታክተር ከመቀየር ሰው መቀየር ሳይቀል አይቀርም።

3ኛ. ሞተሩ ሲነሳ፣ ከረንት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው ብሬከር እየወረደ አስቸገረ ተብሎ በትልቅ ብሬከር ተተክቷል። ድረሱልኝ የሚልን ሰው አፉ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ጩኸቱ ቆመ እንደማለት ነው፤ ጸጥታው ግን ደስ ይላል።

4ኛ. ዘበኛችን መኪናዎ ስትገባም ስትወጣም ጭስ እንዳይሸትዎት ማራገቢያውን ያስነሳል። ቢተወው ምን አለበት ብዬ ብለምነው፣ ጋሼ፣ እኔ የምጠየቀው ስለ ሽታው እንጂ ስለ መብራቱ አይደለም አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልተቀየምኩትም። ባለፈው ግን እርስዎ የረሱት ነገር ኖሮ ከመንገድ ተመለሱ፤ ማራገቢያውም ባልጠበቅነው ሰዓት ተነሳ። እናቷ ሱቅ ወርዳለች፤ እኔ ፊቴን ሳሙና ተቀብቻለሁ። መጥፋቱን የሚያስታውቀው የማሽኑ ደወል ሲጮህ እየተደናበርኩ ደረስኩ። ልጄ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ የማሽኑን ማስነሻ ራሷ ለመጫን እጇን ዘርግታ ነበር። አልደረሰችበትም። ለዚህ ቁጥር የሚሆን ምስጋና ፈልጌ አጣሁ።

አዲስ ሞተር አምጡ አላልኩም። የተቃጠለው ኮንታክተር ይተካ፣ ሞተሩም በዝግታው ይነሳ። እስከዚያው መኪናዎን እንደ እኛ እንደ ነዋሪዎቹ ደጅ ቢያቆሙልን ዝናቡ ከመኪናዋ ላይ ይደርቃል።

ከወንበርዎ ከፍታ ጋር በሚመጣጠን አክብሮት፣ አንድ ጆሮውን ማሽኑ ላይ ጥሎ የሚውለው ታዛዥዎ፣

የአራተኛው ፎቅ አባት

ማስታወሻ፦ ጸሐፊዎ እንዳጫወተችኝ የእርስዎም ኮምፒውተር እየጠፋ ሲያስቸግርዎት ከጠረጴዛዎ ሥር ባትሪ ተገጥሞልዎታል። እንኳን ደስ ያለዎት። ባትሪው ላይ አንድ ትርፍ ሶኬት ካለ፣ ልጄን በሥራ ሰዓት እዚያው ላምጣት? ብዙ ቦታ አትይዝም፤ መናገር ስለሚያደክማትም አትረብሽዎትም።