ስለ አቶ ሶቲራቅ ቤልባ ድንገተኛ ሞትና በገዛ እጃችን ስለ ፋቅናቸው አርባ ማስታወቂያዎች

በከተማችን በፖግራዴትስ የጫማ ሰፊዎች ጎዳና የባለንብረቶች ማሻሻያ ማኅበር መሥራችና ሊቀ መንበር የነበሩት አቶ ሶቲራቅ ቤልባ ትናንት ሰኞ ንጋት ላይ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶናል» ማለት የወግ ነው። እኛ ግን እውነቱን ለመናገር ሐዘኑ ጋ ገና አልደረስንም፤ ድንጋጤው ላይ ቆመናል። እሑድ አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር ሲንሸራሸሩ ያላያቸው አባል የለም። የፋርማሲው የአበባ ገንዳ ሁለት ስንዝር ወደ መንገድ ተገፍቷል ብለው የፋርማሲዋን ባለቤት አስቁመው እየተቆጡ ነበር። እንደዚያ የሚቆጣ ሰው በማግሥቱ ይሞታል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ቀብራቸው ዛሬ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይፈጸማል። ሰዓቱን ከሁሉ አስቀድመን የተናገርነው በቂ ምክንያት ስላለን ነው፤ ምክንያቱን ከታች እንናዘዛለን።

አቶ ሶቲራቅ በቀድሞው የኮሚኒስት ሥርዓት በመንግሥት የጫማ ፋብሪካ ለሃያ ዓመት ያህል አገልግለዋል። ፋብሪካው ሲዘጋ በጎዳናችን ላይ የክርና የአዝራር ሱቅ ከፍተው እስከ ዕለተ ሞታቸው ሠርተዋል። አንድ አዝራር ለጠፋበት ደንበኛ ስድስቱንም ሳይሸጡለት አይለቁትም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2015 የጎዳናው ባለንብረቶች እንደ ሱቃቸው የፊት ለፊት ስፋት እያዋጡ መንገዱን ራሳቸው እንዲያበጁና እንዲጠብቁ ሐሳብ ያመነጩት እሳቸው ናቸው። ከዓሣ ቤቱ ፎቅ ላይ በጠሩት የመጀመሪያ ስብሰባ ዐሥራ አንድ ሰው ተገኘ፤ አራቱ ለዓሣው ነው የመጡት። የብረታ ብረት ሱቅ ባለቤት የሆኑት አቶ ቫንጉሽ ኮታ ተነሥተው፣ «ምነው ሶቲራቅ፣ የእሑዱን የውዴታ ግዴታ ሥራ ልትመልስብን ነው?» አሉ። ሟቹም፣ «አይ ቫንጉሽ! ያኔ የመንግሥት አካፋ ተደግፈህ ትውል ነበር። አሁን አካፋውን ራስህ ገዝተህ ትደገፋለህ» ሲሉ መለሱላቸው። አቶ ቫንጉሽ በዚያ ቀን አልፈረሙም። ከዚያም ወዲህ አልፈረሙም።

በ2016 አቶ ሶቲራቅ የጎዳናውን ስድሳ አንድ ሱቆች ከሱቃቸው ባመጡት የልብስ ሰፊ ሜትር አንድ በአንድ ለኩ። ሱቁን እንደ ሆዱ ሊያሳንስ ትንፋሹን የያዘ አባልም ነበር። ስሙን አንጠቅስም፤ ራሱን ያውቃል።

በ2017 ሥራው ከበደ። ማኅበሩ እንዲቋቋም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሱቅ ባለቤቶች መፈረም ነበረባቸው፤ ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ ደግሞ ግሪክና ጣሊያን ተሰደው የሚኖሩ ናቸው። አቶ ሶቲራቅ በአውቶቡስ ሦስት ጊዜ ተሰሎንቄ፣ አንድ ጊዜ ፍሎረንስ ተመላለሱ። የመጨረሻዋን ፊርማ ያገኙት ተሰሎንቄ ውስጥ ከአንድ ምግብ ቤት ማዕድ ቤት፣ ሽንኩርት ስትልጥ ካገኟት የአገራችን ልጅ ነው። «ጋሼ፣ የአባቴ ሱቅ እስካሁን ቆሟል እንዴ?» አለቻቸው። «ቆሟል፣ ግን ብቻውን ነው» አሏት። ወረቀቱን ሽንኩርት ጆንያው ላይ ዘርግታ ፈረመች። ወረቀቱ ዛሬም ማኅደራችን ውስጥ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

በ2018 ማኅበሩ ጸደቀ። የድንጋይ ንጣፉ፣ የመብራት ምሰሶዎቹ፣ የጋራ ጽዳቱ፣ ሁሉም የዚያ ዓመትና የተከታዮቹ ዓመታት ፍሬ ነው። ዝርዝሩን መቁጠር አያስፈልግም፤ ወጥታችሁ እዩት።

አሁን ወደ ራሳችን ኑዛዜ።

የደንባችን አንቀጽ ሰባት በምሰሶ፣ በግድግዳና በመዝጊያ ላይ ማናቸውንም ወረቀት መለጠፍ ይከለክላል። እዚህ አገር ሞት የሚታወቀው ምሰሶ ላይ ከሚለጠፍ የሟች ፎቶ ካለበት ማስታወቂያ መሆኑ ለማንም አዲስ አይደለም። ሰው በጠዋት ወጥቶ ምሰሶውን አይቶ ነው ማን እንደ ሄደና የት እንደሚቀበር የሚያውቀው። ስለዚህም አንቀጹ ሲወጣ ጩኸት ነበር። አቶ ቫንጉሽ፣ «ለመሞትም ከአንተ ፈቃድ ልጠይቅ?» ብለው ነበር። አቶ ሶቲራቅ ግን ከማዕዘኑ ላይ ባለ መስተዋት የማስታወቂያ ሳጥን አቆሙና፣ «ሙት የፈለግኸውን ያህል፣ ብቻ እዚህ ውስጥ ሙት፤ ዝናብም አይነካህ» አሏቸው። የሳጥኑን ቁልፍ ለማንም አላመኑም፤ ኪሳቸው ውስጥ ነበር የሚያድረው።

ሰኞ ማለዳ ቤተሰቡ ቁልፉን በየኪሱ ቢፈልግ አጣ። ስለዚህ እንደ ድሮው አርባ ማስታወቂያ አሳትሞ በአርባ ምሰሶ ላይ ለጠፈ። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ሱቆች ሳይከፈቱ፣ የጽዳት ክፍላችን ኃላፊ ወይዘሮ ናዝሚዬ ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር በሙቅ ውሃና በመፋቂያ አርባውንም አነሡ። አላነበቡትም። ወረቀት የሚፋቀው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ፎቶው ያለው ደግሞ ከላይ ነው፤ መፋቂያው እዚያ ሲደርስ ውሃው ቀድሞ ፎቶውን አጥፍቶታል። ሥራውን እንዲህ በፍጥነት እንዲሠሩ ያስተማሯቸው ራሳቸው አቶ ሶቲራቅ ናቸው፤ ባለፈው ዓመትም ለዚሁ የምስጋና ወረቀት ሰጥተዋቸዋል። ወይዘሮ ናዝሚዬን ማንም አንዳች ቃል እንዳይናገራቸው ማኅበሩ አጥብቆ ያሳስባል። ከትናንት ማታ ጀምሮ የሚናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በእጄ ፋቅሁት፣ በእጄ!» ይላሉ።

በዚህም የተነሣ ሰኞ ሙሉ ቀን መንገዳችን እንደ ወትሮው ዋለ። መዝጊያዎች ተከፈቱ፣ ልብስ ቤቱ ሙዚቃውን ለቀቀ፣ እኛም ጽሕፈት ቤት ተቀምጠን ሊቀ መንበሩ ዛሬ ስላልመጡብን በልባችን ተመስገን አልን። ይህን በመጻፋችን እናፍራለን፤ ባንጽፈው ግን የበለጠ እናፍር ነበር። ከመንገዱ ጀርባ ባለው ቤታቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ፖሊክሴኒ ጥቁር ለብሰው፣ በሩን እንደ ልማዱ ከፍተው ለቀስተኛ ጠበቁ። ከሥጋ ዘመድ በቀር የመጣ አልነበረም።

ያወቅነው ሱቆች ሊዘጉ ሲሉ ነው። አቶ ቫንጉሽ ከደጃቸው ስለማይበራው መብራት ሊጣሉ ወደ አዝራር ሱቁ ሄደው ነበር። ሱቁን ዝግ ሲያገኙት ለጠብ ሟቹ ቤት ድረስ ወጡ። ከዚያ ሲመለሱ የጽሕፈት ቤታችንን በር በእግራቸው ከፍተው ገቡና፣ «እናንተ ከብቶች! ሰውዬው ሞቶ ሬዲዮ ትሰማላችሁ? ሚስቱ እኮ ብቻዋን ተቀምጣለች!» አሉ። ወንበር ላይ ተቀምጠውም እንደ ሕፃን አለቀሱ።

የቦርዱ አባላት ወዲያው ሄደን ከወይዘሮ ፖሊክሴኒ ፊት ቆምን። እንዲህ አሉን፦ «እሱ ይህን መንገድ ከእኔ በላይ ነው የተንከባከበው፤ እኔም ታገሥሁ። እንግዲህ ሲሞት ከስድሳ አንድ ሱቅ አንድ ሰው ደጄን አይረግጥም? ጎረቤት ሁሉ ጠልቶት ኖሯል ብዬ ቀኑን ሙሉ ከሬሳው ጋር ስከራከር ዋልኩ።» የሆነውን አስረድተን ይቅርታ ጠየቅናቸው። እሳቸውም፣ «ይቅርታችሁን ለራሳችሁ ያዙት፤ እኔ ሰው አምጡልኝ» አሉ።

ስለዚህ ማኅበራችን ይህን መግለጫ በምሰሶም በሳጥንም ሳይሆን በእያንዳንዱ ሱቅ በእጅ እያደለ ነው። አቶ ሶቲራቅ አልተጠሉም። ተፈርተው ይሆናል፤ ተሰልችተውም ይሆናል፤ ከኋላቸው ያላሾፈባቸውም የለም፣ እኛን ጨምሮ። ግን ማንም አልጠላቸውም። ይህን መስክሮ ማሳመን የሚችለው ወረቀት ሳይሆን ሰው ነው፤ ከቀብሩ በፊት የቀረን ደግሞ ይህ ከሰዓት በፊት ብቻ ነው።

ለወይዘሮ ፖሊክሴኒ፣ ከቦሎኛ በመንገድ ላይ ላለው ልጃቸው፣ ለዘመዶቻቸውና ለባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። የቀሪዎቹን ዕድሜ ያርዝምልን።

የምትለኩት ጨርቅ ካለ ይቆይ፤ ደንበኛም ካለ ይዛችሁት ኑ። ቤቱ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ አይሠራም። ላይ ስትደርሱ አታንኳኩ፤ ለቅሶ ቤት አይንኳኳም። ግቡ።

የጫማ ሰፊዎች ጎዳና የባለንብረቶች ማሻሻያ ማኅበር
ፖግራዴትስ፣ ማክሰኞ ጠዋት