ሐኪሟ እንዳታይ ያልከኝ ቁርጥራጭ

ውድ አባዬ፣

ቃሌን አፍርሻለሁ። ሐኪሟ አይታዋለች። ዙሪያ ጥምጥም እንደማትወድ ስለማውቅ ከዚሁ ጀመርኩ፤ ደንበኛ የስፌት መኪናው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ከአያቱ ታሪክ ከተነሳ "ወንድሜ፣ ክሩ ይበጠሳል ወይስ አይበጠስም?" ትለው ነበር። ማክሰኞ ዕለት እትዬ፣ ታላቋ ልጅህ፣ እዚሁ ሱቅህ ውስጥ፣ ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ሁሉንም አየች። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

አንተ የምታውቀውንም ጭምር እጽፋለሁ። በቅደም ተከተል ካልሄድኩ የማመልጥበት ቀዳዳ መፈለጌ አይቀርም።

የዩቲዩብ ቻናሉን ስንጀምር ሱቅህ ውስጥ ከነበሩት ሃያ ምናምን የስፌት መኪናዎች ባለቤት የነበራቸው ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ሰው ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ መግዛት ከጀመረ ወዲህ ልብስ ሰፊዎቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ መኪናቸውን አንተ ጋ እየጣሉ ሄደዋል፤ አንተ ደግሞ "ይመለሳሉ" እያልክ ዘይት ታጠጣቸዋለህ። እኔ የሰው ሰርግ መቅረጽ ሰልችቶኝ ነበር። አንድ ቀን ካሜራዬን ማቆሚያው ላይ ሰካሁና "አባዬ፣ ክር ሲበጠስ ምን እንደሚደረግ ለሰው አሳይ" አልኩህ።

"ለየትኛው ሰው?"

"ለሚያየው ሰው።"

"እዚህ ከእኔና ከአንተ ሌላ ማን አለ? አሞሃል እንዴ?"

ግን አሳየህ። በሁለተኛው ወር ይሁን በሦስተኛው፣ ከሩቅ ከተማ አንዲት ልብስ ሰፊ ደውላ "መምህር" ብላ ስትጠራህ ስልኩን በሁለት እጅህ ያዝከው። ከዚያ ወዲያ ቀረጻ ባለ ቀን ሸሚዝህን ራስህ ትተኩሳለህ። ገና በር ላይ ስታየኝ "ዳይሬክተሩ መጡ፣ ተነሱ!" እያልክ ባዶ ወንበሮቹን ታዛቸዋለህ። "ሰብስክራይብ አድርጉ በላቸው" ብልህ አሻፈረኝ አልክ፤ "ካልረሳችሁኝ ቅዳሜ ተመለሱ" ነበር የምትለው። ተመለሱም። መለዋወጫ ሻጮች ማስታወቂያ ይዘው መጡ፣ የሰርጉን ሥራ ተውኩ፣ ሱቁ ዳግመኛ ሰው የሚገባበት ሱቅ ሆነ።

ያስቸገረኝ ዝምታህ ብቻ ነበር። መኪና ከመፍታትህ በፊት አንዱን መዳፍህን ጀርባው ላይ ታሳርፍና በሌላው እጅህ መዘውሩን ቀስ አድርገህ እያዞርክ ታዳምጣለህ። ሃያ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ሠላሳ። ተመልካች ደግሞ አስር ሰከንድ ምንም ካልሰማ ሌላ ቪዲዮ ይከፍታል፤ ግራፉ ላይ መስመሩ ሲወርድ አያለሁ። ስለዚህ ቆረጥኩት። መዳፍህ ባረፈበት ቅጽበት ካቻቢቴው እጅህ ላይ ነው። "ሳላስብ የምሠራ አስመሰልከኝ እኮ" ብለህ ስቀህብኛል። ኮሜንቱ ላይ ግን "የእጃቸው ፍጥነት!" ይሉሃል፤ ያቺን አስተያየት ሁለቴ አስነብበኸኛል።

እትዬ ያኔ በሌላ ከተማ ሆስፒታል ሥራ ከጀመረች አምስት ዓመት አልፏታል። እማዬ ስትሞት የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ፀጉሬን ያበጠረችኝ፣ ደብተሬን የሸፈነችልኝ፣ ስዋሽ ከፊቴ የምታውቅብኝ እሷ ናት። ነርስ መሆኗን እያወቅክ "ሐኪሟ" ትላታለህ። ቅዳሜ ጠዋት ቪዲዮው እንደወጣ ታየውና ትደውልልኛለች። "አምሮበታል። ትንሽ ከስቷል እንዴ? እጁ ግን የጎረምሳ ነው" ትላለች። በየሳምንቱ ትመረምርህ ነበር አባዬ። የምትመረምረው ግን እኔ የሠራሁትን ሰው ነበር።

የመጀመሪያዋ ቁራጭ የዛሬ አስራ አንድ ወር ናት። ክር ስለሚጠብቅበት ብሎን እያስረዳህ "አሁን ይህቺን..." ብለህ ቆምክ። ቃሉ ጠፋህ። ቀኝ እጅህ ጠረጴዛው ላይ ወረደ፣ ካቻቢቴው ተንከባሎ ወደቀ፣ የአፍህ አንደኛው ጎን ዘመም አለ። ከካሜራው ኋላ ሆኜ "አባዬ?" አልኩ። አንድ ደቂቃ ያህል ሆነ። ከዚያ አፍህን በመሀረብ ጠረግህ፣ ጎንበስ ብለህ ካቻቢቴውን አነሳህና "ብሎን!" አልክ፣ የጠፋበትን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እንዳገኘ ሰው።

"ምን ሆነህ ነው?"

"አርጅቼ።"

"ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"ለአንድ ብሎን? ይልቅ ይቺን ቁረጣት። ሐኪሟ እንዳታይ። ካየች ከሥራዬ አንስታ አልጋ ላይ ነው የምታስተኛኝ።"

ቆረጥኳት። አንተን ፈርቼ አይደለም። አንተ ከተኛህ ቻናል የለም፤ ቻናል ከሌለ እኔ ተመልሼ የሰው ሰርግ ላይ ቆሜ የምውል ነኝ። ያኔ ይህን ቁጭ ብዬ አላሰብኩትም፤ ግን እሺ ለማለት አንዴም አላንገራገርኩም። ማታውኑ ሁለቱን ጫፎች ገጣጠምኳቸውና ስፌቱ አይታይም ነበር። ቅዳሜ እትዬ ደውላ "ዛሬስ በጣም ነው ደስ ያለኝ" አለችኝ።

ሁለተኛዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣች። ለካ ሰው ሁሉን ይለምዳል። አራተኛዋ ላይ "አባዬ?" ማለቴን ተውኩ። ካሜራውን ሳላጠፋ እጄን አጣጥፌ እስኪያልፍልህ እቆማለሁ፤ ያልፍልሃል፤ "ቁረጣት፣ ሐኪሟ እንዳታይ" ትላለህ፤ እቆርጣለሁ። ግን አልደመሰስኳቸውም። አንድ ፎልደር ከፍቼ ስሙን "ቁርጥራጭ" ብዬ እዚያ ከተትኳቸው። ለምን እንዳስቀመጥኳቸው አላውቅም፤ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ስለማይጥል ይሆናል። ዘጠኝ ደረሱ። በስምንቱ ላይ ድምፅህ አለ።

ዘጠነኛዋ ላይ የለም። ረፋድ ላይ ነበር፤ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ጥቁር መኪና ፊትህ ነበር። መዳፍህን አሳረፍክ። እንዳሳረፍክ ቀረህ። መጀመሪያ እያዳመጥክ መሰለኝ። ቀጥሎ ፊትህን አየሁና "መጣችበት" አልኩ በልቤ፣ እጄን አጣጥፌም ቆምኩ። ምን እያሰብኩ እንደነበር ልንገርህ? በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ሳይሄድብኝ ከየትኛው ሰከንድ ላይ ብቆርጥ እንደሚገጥም እያሰላሁ ነበር። የሮጥኩት ወንበሩ ከሥርህ ሲንሸራተት ነው። ሆስፒታል ሁለት ቀን ቆየህ፣ አንዲት ቃል ሳይወጣህ። መኪናዋ እስከ ዛሬ ሳትፈታ እዚያው ናት፤ ባለቤቷም ልትጠይቀኝ አፍራለች።

ሐዘን ላይ እትዬ ለመጣው ሁሉ "ድንገት ነው" ትላለች። "በየሳምንቱ አየው ነበር። ሥራዬ እኮ ነው፤ ምልክት ቢኖረው እኔን አያመልጠኝም ነበር። ድንገት ነው።" እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ውሃ አቀብላታለሁ። አንዲት ዘመድ "ሳያሰቃየው መውሰዱ ተመስገን" ስትል ከሁሉም ቀድሜ አሜን አልኩ።

በዚህም አላበቃሁም። ያልወጡ ቀረጻዎች ስለነበሩኝ በየቅዳሜው እየከረከምኩ መልቀቄን ቀጠልኩ። "መምህር ደህና ናቸው?" ሲሉ "ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለዋችኋል" ብዬ መለስኩ። እትዬ "ለምን አትነግራቸውም?" ስትለኝ "ጊዜው ይድረስ" አልኳት። አፈር ከለበስክ በኋላ አራት ወር ሙሉ አሠራሁህ አባዬ።

ባለፈው ሳምንት ደወለች። "የምታወጣቸውን ማየት አቃተኝ" አለችኝ። "እሱ እንደዚያ ፈጣን ነበር እንዴ? ረሳሁት መሰለኝ። ያልተቆረጠ የለህም? ሲያስል፣ ሲሰድብህ፣ መነጽሩን ሲፈልግ... ዝም ብሎ የተቀመጠበትን ነው የምፈልገው።"

ሁለት ቀን ፎልደሩን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ዘጠኙን ደብቄ የሳቅክበትን ብቻ ልሰጣት እችል ነበር። ደግሞም "ሐኪሟ እንዳታይ" የምትልበትን አንዷን ነጥዬ "ይኸው፣ እሱ ነው ያለኝ" ልላት እችል ነበር፤ አንተ ተነስተህ አትከራከረኝ። እውነቱን ለመናገር ይህችኛዋን ነው አብዝቼ ያሰብኳት። በመጨረሻ "ነይ፣ እዚህ መጥተሽ እዪው፣ በስልክ የሚላክ አይደለም" አልኳት።

የመጀመሪያዋ ቁራጭ ግማሽ ሳትደርስ አፏን በእጇ ያዘች። "ይሄ መቼ ነው?" አለች። ቀኑን ነገርኳት። ድምፅህ ሲመጣ "መልሰው" አለችኝ። ሦስት ጊዜ መለስኩላት።

"ሐኪሟ የሚለው እኔን ነው?"

"አንቺን ነው።"

"እኔን ፈርቶ ነው የደበቀው?" አለች። "እኔን?"

የሚቀጥለውን ከፈትኩላት። የቀሩትንም አየች። ዘጠነኛዋ ስትጀምር እጅጌዋን ሰብስባ የእጅ ሰዓቷ ላይ አይኗን ጣለች፣ የበሽተኛ ትርታ እንደምትቆጥር። እኔ እዚያ ምስል ውስጥ የለሁም፤ ጥላዬ ግን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወድቋል። ከዚያ በፊት አስተውዬው አላውቅም። አይነቃነቅም።

"ሁለት ደቂቃ ከአስር ሰከንድ" አለች። "ምን ስትጠብቅ ነበር?"

"እስኪያልፍለት።"

"ያልፍለት ስለነበር።"

"አዎ።"

ለበሽተኛ ቤተሰብ በምትናገርበት ድምፅ "ሁለት ደቂቃዋ ብዙ ለውጥ ላታመጣ ትችላለች" አለች። "ያጠፋው ሰባቱ ወር ነው። ይሄ እኮ መድኃኒት አለው አንተ። ኪኒን አለው። የመጀመሪያዋን ቀን ባይ ኖሮ የዚያኑ ቀን አውቶቡስ ላይ ነበርኩ።" ከዚያ ያ ድምፅዋ ጥሏት ሄደ። "እኔ ድንገት ነው፣ ድንገት ነው ስል... ውሃ ታቀብለኝ ነበር።"

"እትዬ..."

"እትዬ አትበለኝ።"

እስከ ፌርማታው ተከተልኳት። ዞር ብላ አላየችኝም።

አንተም ላይ ተናድጃለሁ አባዬ። ሙት አይወቀስም ብዬ ልተወው ነበር፤ አልቻልኩም። መምህር መባል ጣመህና ልጅህን አታለልካት፤ ስንት ሰው ታድናለች እያልክ በየመንገዱ የምትኮራባትን ልጅ፣ አንተን እንዳታድን በሩን ዘጋህባት። እኔ ደግሞ ቁልፉን ያዝኩልህ። ከሁለታችን ማን የበለጠ እንደበደላት ሳሰላ ሳሰላ ሰነበትኩ፤ አንተ ግን በራስህ ነው የጨከንከው፣ እኔ በሰው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጠዋት የመጨረሻውን ቪዲዮ ለቀቅኩ። መግቢያው ላይ "አባቴ ካረፈ አራት ወር ሆኖታል። ደህና ነው ያልኳችሁ ውሸቴን ነው" ብዬ ጻፍኩ። ቁርጥራጮቹን አላሳየሁም፤ እነሱ የሦስታችን ናቸው። ያሳየሁት ጤነኛ ሳለህ መዳፍህን መኪና ላይ አሳርፈህ የምታዳምጥበትን ነው። ሠላሳ አራት ሰከንድ፣ ምንም ሳይቆረጥ። ግራፉን አላየሁትም። ብዙው ሰው አስረኛው ላይ ሄዶ ይሆናል።

እትዬ አልደወለችም። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ "ይበርድላታል፣ ያልፍላታል፣ ትደውላለች" እያልኩ ተቀምጬ ነበር። ይህን ደብዳቤ ለመጀመር ብዕር ላነሳ ስል ነው እጆቼን ያየኋቸው። አጣጥፌያቸው ነበር።

ስለዚህ እዚህ ላይ ላቁም። ወደ እሷ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ አስር ሰዓት ላይ ይነሳል። ላትከፍትልኝ ትችላለች። ብትከፍትም ልትለኝ የሚገባት ብዙ ነው፤ አንዱንም ሳላቋርጣት እሰማለሁ። ግን ደጇ ላይ ቆሜ አልጠብቅም አባዬ። አንኳኳለሁ።

ልጅህ፣
የቀድሞው ዳይሬክተር