ስለ ቅየሳ መምህራችን ስለ አቶ ቢረሳው ወልደሥላሴ ዕረፍት የወጣ ሁለተኛ መግለጫ

ነገሌ ቦረና፣ ግንቦት 3 ቀን 1963 ዓ.ም.

የነገሌ ቦረና የቅየሳና የውኃ ጥናት ቴክኒክ ትምህርት ቤት የመምህራንና የሠራተኞች ጉባኤ፣ ባልደረባችን አቶ ቢረሳው ወልደሥላሴ ማክሰኞ ሚያዝያ 19 ቀን 1963 ዓ.ም. በሥራ ላይ እንዳሉ ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን በታላቅ ሐዘን፣ ደግሞም በኀፍረት ያስታውቃል። ኀፍረት የሚለው ቃል በእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ውስጥ እንደማይለመድ እናውቃለን።

ሚያዝያ 22 ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ የለጠፍነው የመጀመሪያው መግለጫ፣ አቶ ቢረሳው ወደ ውጭ አገር ሄደው ምርምር የሚያካሂዱበት ዕድል ሦስት ጊዜ ቢቀርብላቸውም «ለትምህርት ቤታቸው ካላቸው ጥልቅ ፍቅር የተነሣ» አልሄዱም ይል ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከሐዘን ቤት ተነሥተው መጥተው ወረቀቱን በገዛ እጃቸው ነቀሉና ለጉባኤው ጸሐፊ መለሱ። የተናገሩትም ይህ ነው፦ «ፍቅር ነው አትበሉ። ለምናችሁ አስቀራችሁት። ለምነን አስቀረነው ብላችሁ ጻፉ፤ ልጆቹም ሲያድጉ አንብበው ይወቁት።» ስለዚህ የመጀመሪያው መግለጫ ተሰርዞ በዚህ ተተክቷል።

አቶ ቢረሳው በ1926 ዓ.ም. በወደራ ተወለዱ። በአዲስ አበባ የቅየሳ ትምህርት ፈጽመው በ1953 ዓ.ም. ወደ እኛ ሲመጡ ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ የቅየሳ መሣሪያ ብቻ ነበረው። መሣሪያውም ይሰናከል ነበር።

በ1955 ዓ.ም. የውኃ ጥናት ክፍልን አቋቋሙ። አገሬው ኤላ የሚላቸውን፣ ከብት የሚጠጣባቸውን ጥልቅ ጉድጓዶች ከዱብሉቅ እስከ አሬሮ እየዞሩ የአርባ አንዱን ጉድጓድ ውኃ መውረድና መመለስ በየወሩ መዘገቡ። ጉድጓዶቹ እየተጠማዘዙ የሚወርዱ ስለሆኑ ገመድ ከአፋቸው ቢጣል ውኃው ጋ አይደርስም። ቋጠሮ ያለውን የመለኪያ ገመድ ይዘው የሚወርዱት ራሳቸው ነበሩ።

በ1957 ዓ.ም. ባሕር ማዶ ካለ አንድ የምህንድስና ኮሌጅ ጋር የትብብር ውል ተፈረመ። ትምህርት ቤቱ አንድ መምህር ለአንድ ዓመት ይልካል፤ መምህሩ የከርሰ ምድርን ውኃ ከመሬት በላይ ሆኖ የሚመረምረውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ አሠራር ይማራል፤ ሲመለስም መሣሪያውን ይዞ ይመለሳል። ላልሠለጠነ ሰው መሣሪያው አይሰጥም። ዕድሜው ከሠላሳ አምስት ዓመት ያለፈ አይላክም። የሚሄደው ማን እንደሆነ መጠየቅ እንኳ አላስፈለገም።

በዚያው ዓመት አቶ ቢረሳው ለጉዞ ሲሰናዱ፣ ሌላ የቅየሳ መምህር ስላልነበረን ሦስት ሽማግሌዎች መርጠን ቤታቸው ላክን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በአሬሮ አካባቢ ጉድጓድና ብዙ ከብት ያላቸው አዛውንት አቶ ጃታኒ ጣዲቻ ነበሩ። አቶ ቢረሳው ቆመው ሰሙና «እናንተን አሳፍሬ የት እሄዳለሁ?» አሉ። ቃለ ጉባኤያችን «ጥያቄያችንን በደስታ ተቀብለዋል» ይላል። ደስታ አልነበረም። ይሉኝታ ነበር፤ ይህንንም ያን ጊዜ እናውቅ ነበር።

በ1959 ዓ.ም. ዕድሉ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ የተማሪዎች ፈተና ደርሷል ብለን እነዚያኑ ሽማግሌዎች መልሰን ላክን። ዲሬክተሩ «ለከርሞ ማንም አይከለክልዎትም» አሏቸው። ለከርሞም የሚተካቸው መምህር አልቀጠርንም፤ እሳቸው ስላሉ አላስፈለገንም።

በ1961 ዓ.ም. ሠላሳ አምስት ዓመት ሞላቸው። ይህ የመጨረሻው ዕድላቸው መሆኑ ስለ ገባቸው ለማንም ሳይናገሩ ሻንጣቸውን አስረው ጎሕ ሲቀድ በጭነት መኪና ተሳፈሩ። ሽማግሌዎቹን ይዘን በትምህርት ቤቱ ላንድሮቨር ተከትለን ወደራ ላይ ደረስንባቸው። ሽማግሌዎቹ መኪናው ፊት ቆሙ። በተወለዱበት ከተማ፣ የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ እያየ፣ ሻንጣቸውን እኛው አወረድነው። በመልሱ መንገድ እኛ ደስ ብሎን ስንጫወት መጣን። በዓመታዊ ሪፖርታችንም ይህን ከዓመቱ መልካም ውጤቶች መካከል ቆጠርነው። ኮሌጁ ውሉን አቋረጠ።

ከዚያ ወዲህ አቶ ቢረሳው ስለ ጉዞ አንሥተው አያውቁም። ሰዓታቸውን ጠብቀው ይገባሉ፣ ያስተምራሉ፣ ይወጣሉ። ሽማግሌ የሚመስል ሰው ወደ ግቢያቸው ሲገባ ካዩ ግን በጓሮ በር ይወጡ እንደነበር ወይዘሮ ሮማነወርቅ አሁን ነግረውናል። እጅ ከወርች አስረናቸው ነበር። ያሰርናቸውም እያከበርናቸው ነው።

በ1962 ዓ.ም. ውሉ እንዲታደስ ለኮሌጁ በተከታታይ አምስት ደብዳቤ ጻፉ። ዕድሜያቸው ከገደቡ ስላለፈ ለራሳቸው አልጠየቁም፤ ረዳታቸው ወይዘሪት ጉያቱ አብዱባ እንዲሄዱ ለመኑ። በጥር 1963 ዓ.ም. ኮሌጁ ፈቀደ።

መሣሪያው ገና ስላልመጣ ዘንድሮም የሚለካው በገመድ ነበር። ሚያዝያ 19 ቀን፣ ዝናብ ከጣለ በኋላ ውኃው ምን ያህል እንደ ጨመረ ለማየት በአሬሮ አጠገብ ካለ ጉድጓድ ወረዱ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዝናብ ያራሰው ግድግዳ ተንዶ መውጫውን ዘጋው። የመንደሩ ሰው በእጁም በእንጨትም ሲቆፍር ዋለ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ድምፃቸው ይሰማ ነበር። የዕለቱን ልክ፣ አሥራ አራት ሜትር ከሃያ፣ ከውስጥ ሆነው ከላይ ለነበሩት ለወይዘሪት ጉያቱ ነገሯቸው፤ ወይዘሪት ጉያቱም ጻፉት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲደረስባቸው ዐርፈው ነበር። መሣሪያው በ1958 ዓ.ም. እጃችን ገብቶ ቢሆን ኖሮ ማንም ሰው ጉድጓድ መውረድ አያስፈልገውም ነበር።

ያንን የመጀመሪያ መግለጫ በለጠፍንበት ዕለት ጉባኤው ተሰብስቦ ነበር። አሁን ቅየሳ ማስተማር የሚችል ሰው ከወይዘሪት ጉያቱ በቀር የለንም። ስለዚህ እሳቸውም እንዳይሄዱ አባታቸውን አቶ አብዱባን የሚለምኑ ሽማግሌዎች መረጥን። አቶ ጃታኒንም አስጠራን። «አካም፣ ናጋ» ተባብለን ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ጉዳዩን ከሰሙ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «እኔ ለከብቶቼ ብዬ ለመንኩት። ከብት ያለኝ ሰው ነኝ፣ ሌላ አላውቅም። እናንተ ተምራችኋል፤ እናንተ ለምን ብላችሁ ለመናችሁት?» በትራቸውን አንሥተው ወጡ።

ስለዚህ ጉባኤው የሽማግሌዎቹን ምርጫ ሽሯል። የቅየሳ ትምህርት ሌላ መምህር እስኪገኝ ድረስ ይዘጋል። ሠላሳ ሁለት ተማሪዎች እንደሚጎዱ፣ ወላጆቻቸውም እንደሚቆጡን እናውቃለን። ቁጣው የሚገባው ለእኛ ነው፤ ለሚሄዱት አይደለም።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ ለሁለቱ ልጆቻቸው፣ ለእናታቸው ለወይዘሮ ወለተሐና፣ ሲቆፍሩ ለዋሉት የአሬሮ ሰዎችና ለተማሪዎቻቸው ሁሉ እግዚአብሔር መጽናናትን እንዲሰጥ እንለምናለን። ቤተሰቡን ይቅርታ እንጠይቃለን። ይቅር እንዲሉን ግን ሽማግሌ አንልክም።

ወይዘሪት ጉያቱ የፊታችን ቅዳሜ፣ ግንቦት 7 ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከገበያው ፊት ለፊት በሚነሣው መኪና ይሄዳሉ። ሊሸኛቸው የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ፤ ስንቅ ይዞ ቢመጣም መልካም ነው። እንዲቀሩ ሊለምን የሚያስብ ግን፣ የዚህ ጉባኤ አባልም ቢሆን፣ በዚያ ጠዋት ከቤቱ እንዳይወጣ እናሳስባለን።