ሦስት ጣት

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 22፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ዛሬም አሌክሳንድሪያ፣ የማስታምማቸው ፈረንጅ ቤት ዋልኩ። ሰውየው በወጣትነታቸው በረዶ ላይ ሆኪ እየተጫወቱ ነው የኖሩት። ቲቪ ላይ ጨዋታ እያየን የአንዱ ልጅ ጭንቅላት ከሜዳው ዙሪያ መከለያ ጋር ተጋጨ። ሳላስበው “እኔን” አልኩ።

“በኛ ጊዜ ጭንቅላታችንን ስንመታ ዶክተሩ ‘ስንት ጣት ነው?’ ይለን ነበር” አሉኝ። “ሁልጊዜ ሁለት ነው የሚያሳየን። ባይታየንም ሁለት ብለን ወደ ጨዋታው እንመለሳለን።”

ሺፍቴን ጨርሼ ልወጣ ስል እንደ ቀልድ ሦስት ጣት አሳየኋቸው። ትክ ብለው አዩና “ሁለት” አሉ። ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሳቁም።

የዛሬውን የጤናቸውን መከታተያ ፎርም ግን ጠዋት እንደገባሁ ሞልቼ ፈርሜበታለሁ። ሁልጊዜ የምጽፈው “ለውጥ የለም” ነው።