«እሷ» የተባለው ባሌ

ሮም፣ ሐሙስ፣ ግንቦት 10 ቀን 2015

ዛሬ አንደበቴ ተፈታ። የሊያ ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰብስቦ ነበር። ልጄ ወንድ ተብላ ተወልዳ፣ ሴት መሆኗን ከነገረችን ወዲህ አስተማሪዎቿ «ሊያ»፣ «እሷ» ይሏታል። ትምህርት ቤቱ ይህን የሚፈቅድ ደንብ አለው። አንዳንድ ወላጆች ይሰረዝ አሉና ዛሬ ድምፅ ሊሰጥበት ሆነ። ሊያ ከተሰረዘ ትምህርቴን እተዋለሁ ብላኛለች፤ ሰሞኑን እንቅልፍ የት አለና።

አንድ አባት ተነሳና «ወንዱን እንዴት እሷ እንላለን?» አለ። ከዚያ ወደ ባሌ ወደ ተስፋዬ ዞሮ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለው። በጣልያንኛ «እርስዎ» ማለት «ሌይ» ነው፤ «እሷ» ማለትም ያው «ሌይ» ነው። ተስፋዬ እንደመጣን ሰሞን ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ልናወጣ ሄደን «ሌይ» ቢሉት፣ ሴት አደረጉኝ ብሎ አኩርፎ ነበር።

ብድግ አልኩ። «አሎራ ሲኞሬ፣ አሁን ባሌን ሌይ አሉት። ሃያ ዓመት ሙሉ ሮም ሌይ ስትለው ኖራለች፤ ጢሙም አልረገፈም። ለእሱ የሰጡትን አክብሮት ለልጄ ለምን ይነፍጓታል?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ሰውየውም ሳቀ። እጅ ሲቆጠር ደንቡ ጸና።

ተስፋዬ ግን ሊያን «አንተ» ማለቱን ቢተወውም «አንቺ» እስካሁን ከአፉ አልወጣለትም። ደጅ ስትጠብቀን ከነበረችው ከሊያ ጋር ስንመለስ፣ ትራሙ ሲቆም መንገድ ለቆላት «ቀድመው ይግቡ» አላት።

«አባዬ፣ እርስዎ ሆንኩ እንዴ?»

«እስክለምደው ነው፣ እመቤቴ።»

እመቤቴ ማለቱን እሱ ራሱ ልብ ያለው አልመሰለኝም።