ሶስና አፏን እስክትፈታ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፤ ኒው ዌስት

ዛሬ ሶስናን ሎጎፔዲስት፣ የንግግር ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ እስካሁን አፏን አልፈታችም። ሴትየዋ ኳስና አሻንጉሊት ዘርግታ ስታጫውታት ቆየችና፣ «በየትኛው ቋንቋ ነው የምታወሪያት?» አለችኝ። በደች፣ በዚህ አገር ቋንቋ፣ አልኳት። ትምህርት ቤት እንዳትቸገርብኝ ብዬ ነው። የኔ ደች ደግሞ «ነይ፣ ብዪ፣ ተኚ» ከማለት አያልፍም።

«እስቲ በራስሽ ቋንቋ አናግሪያት» አለችኝ።

«ነይ የኔ እናት፣ እቅፍ አድርጊኝ» አልኳት። ሶስና በቀጥታ ወደ ቦርሳዬ ሄደች፤ ስልኬን አውጥታ አቀበለችኝ። ሴትየዋ ሳቀች። እኔ ግን ገባኝ። ቤታችን ውስጥ አማርኛ የሚወራው አገር ቤት ካለችው እማዬ ጋር፣ በስልክ ብቻ ነው። ሌላ ማን አለኝ?

ቤት እንደገባን ስልኩን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ወለሉ ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ምን እንደምላት ጠፋኝ። በመጨረሻ እማዬን ሁልጊዜ የምላትን አልኳት፦ «እንዴት ዋልሽልኝ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ተነስታ መጣችና ፀጉሬን ገለጥ አድርጋ፣ ኢርፎን ሰክቼ እንደሆነ ጆሮዬን አየች። አላመነችም፤ ሌላኛውንም አየች።