የስለሺ ማመልከቻ የገባበት ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለትርፌ፤ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? የእማዬ ደም ብዛትስ? የደሴ ዝናብ ምናለ ትንሽ ወደዚህ ቢዞር! እኔን የአሰብ ሙቀት አልገደለኝም። ደህና ነኝ ማለት ወጉ ነበር፤ ዛሬ ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። ደብዳቤውን በፖስታ አልላክሁትም፤ ደስታው የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር በእጁ ያደርስልሻል። ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው።

የወንድማችንን የስለሺን የኮሌጅ ማመልከቻ ቶሎ አስገቢለት ብለሽኝ ነበር። ያዘገየሁት ችላ ብዬ አይደለም። ማመልከቻው የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ደብዳቤውን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ ነው የሚወስደው። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ጎረምሳ እያፈሰ ነበር። የጎረቤቴ የአልጋነሽ ልጅ ሀብቴ ቀድሞ ሄደ። ገና ወረፋ ላይ ሳለ አፉን በሰደፍ አሉት፤ ሁለት ጥርሱ መሬት ላይ ወደቀ። እንደ ጆንያ መኪና ላይ ወረወሩት። እናቱ ጎማው ሥር ብትተኛ በጫማ እየረገጡ አነሷት። ይህን በዓይኔ አይቼ ስለሺን እንዴት ልስደድ? ኮታው እስኪሞላ ከቤት ንቅንቅ እንዳትል አልኩት። ማስገቢያው እስከ ነሐሴ አሥራ አምስት ስለነበር ቀን አለን ብዬ ነው።

ሰኞ ዕለት ኮታው ሞልቷል፣ ዓርብ ይጫናሉ ተባለ። ማክሰኞ በቀትር፣ ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ተሸሽጎ ሳለ፣ ሀብቴ ከታጎሩበት አምልጦ የጓሮ አጥር ዘሎ እኔ ዘንድ ገባ። መዳፉን ሽቦ ተልትሎታል፣ ፊቱ አብጦ ዓይኑ አይታይም። የእናቱን ቤት ይፈትሻሉ ብዬ እኔው ደበቅሁት። እልል ልል ምንም አልቀረኝ! እኔ ደንቆሮ፣ በሱ ምትክ ሰው እንደሚፈልጉ አላሰብኩም።

ረቡዕ ጠዋት ስለሺን በል ሂድ አልኩት፤ ሸሚዙንም ተኮስኩለት። ደብዳቤውን ጽፈው፣ ማህተም መትተው ከሰጡት በኋላ አንድ ጎድሎብናል ብለው ያዙት። ወሬው ደርሶኝ ከወደብ ሥራዬን ጥዬ ስደርስ መሬት ላይ ጥለው በዱላ ይቀጠቅጡታል። የአንዱን እጅ ደም እስኪወጣ ነከስኩት፤ በጥፊ አጮለኝ፣ ጆሮዬ እስካሁን ይጮሃል። ስለሺ ደብዳቤውን በደማ እጁ አቀበለኝ። ኃላፊያቸው ያመለጠውን አምጪና ወንድምሽን ውሰጂ አለኝ።

ሐሙስን ቀኑን ሙሉ በሬ ላይ ተቀመጥሁ። ሀብቴ ልሂድ ብሎ ሁለት ጊዜ ተነሣ፤ ሁለት ጊዜም ገፍትሬ አስቀመጥሁት። አልጋነሽ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አትስጪብኝ ብላ ብትለምነኝ ኖሮ በንዴት የምሰጠው ይመስለኛል። አልሰጠሁትም፣ ትርፌ። ዛሬ ማለዳ ስለሺን ጭነውት ሄዱ፤ ወዴት እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ።

ከዚያ ተነሥቼ ማመልከቻውን አስገባሁ። የመጨረሻው ቀን ነበር። የተቀበለኝ ጸሐፊ ደብዳቤው ላይ ያለው ምንድን ነው ቢለኝ ደም ነው አልኩት። መዘገበው።

ለባለቤትሽ ለገሠሠ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ትንሿን ፋናዬን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አክስቴን ከበደችን በጸሎትሽ አስቢን በያት። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ማመልከቻው ገባ ወይ ካለችሽ ገብቷል በያት። ልጄን ማን አስወሰደው ካለችሽም ዘነበች ናት በያት።

እህትሽ ዘነበች
አሰብ፣ ነሐሴ ፲፭ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.